ያልተወደደ ቋሚ ሜካፕን ቆዳን ሳይጎዱ ማስለቀቅ

ታናሽ እኅቴ ለሠርጓ ብላ ቅንድቧን ማይክሮብሌዲንግ፣ ማለትም በቀጫጭን መርፌዎች ቆዳ ውስጥ ቀለም በማስገባት የሚሠራ ቋሚ ሜካፕ፣ ያሠራችው መሐል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሳሎን ነበር። ቡናማ ይሆናል የተባለው ቀለም በዓመቱ ወደ ብርቱካናማ ተለወጠ። ይህን ለመሸፈን ሌላ ቤት ሄዳ የቆዳዋን መልክ የሚመስል ቀለም በላዩ አስደረበች፤ ያም አልበቃ ብሎ በሦስተኛ ቤት ሌዘር ሲተኮስባት፣ አስቀድሞ ሙከራ ስላልተደረገ፣ የተሸፈነው ክፍል እዚያው በዐይናችን ፊት ጠቆረ። ቅንድቧ አሁን ተመልሷል፤ ነገር ግን ሁለት ዓመት የፈጀብን የመጀመሪያው ስሕተት ሳይሆን ስሕተቱን በጥድፊያ ለማረም የተደረገው ነገር ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው በዚያ ጊዜ ከቆዳ ሐኪሞች የተማርነውንና በኋላም ደጋግሜ ያጣራሁትን ነው።

በመጀመሪያ ቀለሙ ከተሠራ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይቁጠሩ። አዲስ ቅንድብ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታሰበው በላይ ጠቁሮና ወፍሮ ይታያል፤ የላይኛው የቆዳ ሽፋን ገና ቀለሙን ስለያዘና አካባቢው ስለሚያብጥ ነው። ቅርፊቱ ረግፎ ቆዳው እስኪረጋ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ እውነተኛው መልክ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ማይክሮብሌዲንግ በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ በራሱ እየደበዘዘ ስለሚሄድ፣ ያስከፋዎ ድምቀቱ ብቻ ከሆነና ቅርጹን ከወደዱት፣ መጠበቅ ከሁሉም መንገድ ያነሰ ጉዳት አለው። ቦታው መግል ከያዘ፣ ከጋለ፣ ሕመሙ ቀን በቀን ከባሰ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ጉዳዩ የውበት መሆኑ ቀርቷልና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ቀጥሎ በቆዳዎ ውስጥ የገባው ምን እንደሆነ ለማወቅ ይሞክሩ። ለቋሚ ሜካፕ ከሚውሉት ቀለሞች ብዙዎቹ የብረት ኦክሳይድ፣ ማለትም ከዝገት ጋር አንድ ዓይነት ነገር፣ እንዲሁም ካርቦንና ነጭ የሆነው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለባቸው ናቸው፤ በቀዮቹና በቢጫዎቹ ውስጥ ሰው ሠራሽ የኬሚካል ቀለሞችም ይገኛሉ። ከዓመታት በኋላ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ ቅንድብ ብዙውን ጊዜ ካርቦን ያለበት ሲሆን፣ ወደ ቀይ ወይም ብርቱካናማ የዞረው የብረት ኦክሳይዱ ሳይጠፋ በቆዳው ውስጥ የቆየበት ነው። የሠራዎትን ሰው የቀለሙን ጠርሙስ መለያ ፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ፤ ያፍሩበት ዘንድ የሚገባ ጥያቄ አይደለም። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ የንግድ ቤቶች ወደ ሌላ ሰፈር ስለተዛወሩ፣ ሳሎኑን ለማግኘት የሚቻለው ስልኩ ገና ሳይቀየር ነውና ይህን ለነገ አይተዉት።

የቀለሙ ዓይነት ይህን ያህል የሚያስጨንቀው በሌዘር ምክንያት ነው። ቀይና ቡናማ የብረት ኦክሳይድ የሌዘሩ ኃይል ሲመታው ኬሚካላዊ ጠባዩ ተለውጦ ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል፤ ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድም እንዲሁ ወደ ግራጫ ወይም ሰማያዊ ይጠቁራል። ለዚህ ነው ከንፈር፣ የቆዳ መልክ ያለው መሸፈኛና ቡናማ ቅንድብ ከጥቁር ታቱ ይልቅ አስቸጋሪ የሚሆኑት። እኅቴን የጎዳት ይኸው ነው። ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው፦ የተበላሸን ቀለም በሌላ ቀለም አያስሸፍኑ። በቆዳ መልክ ቀለም መሸፈን ለጥቂት ወራት ፊትን ያሳምር ይሆናል፤ ነገር ግን ለማስለቀቅ እጅግ የሚከብደውን ነጭ ቀለም በላዩ ይጨምራል።

ውሳኔው በሳሎን ወንበር ላይ ሳይሆን በቆዳ ሐኪም ፊት ቢሆን እመርጣለሁ። ከግል የቆዳ ክሊኒኮች ሌላ፣ ጉዳት ደርሶ ከሆነ ወይም ጠባሳ ከጀመረ፣ በሪፈራል የሚኬድባቸው ጥቁር አንበሳና ለቆዳ ሕክምና የታወቀው አለርት ሆስፒታል አሉ። ለሐኪሙ ሳይደብቁ የሚነግሩት ነገር ብዙ ነው፦ ከዚህ በፊት ጆሮዎን ሲበሱ ወይም ሲቆስሉ ጠባሳው አብጦ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ያውቅ እንደሆነ፣ የብጉር መድኃኒት የሆነውን አይሶትሬቲኖይን የሚወስዱ ወይም በቅርብ የወሰዱ እንደሆነ፣ እርጉዝ መሆንዎን፣ ፊትዎን የሚቀቡት ማንጫ ክሬም መኖሩን፣ ከንፈርዎ ላይ በየጊዜው ውኃ የሚቋጥር ምች የሚወጣብዎ መሆኑን። ቀለሙ ያለበት ቦታ የሚያሳክክ፣ የሚያብጥ ወይም ጓጉሎ የሚዳሰስ ከሆነ ይህን ከሁሉ አስቀድመው ይናገሩ፤ ሰውነትዎ ለቀለሙ አለርጂ ከሆነ ሌዘሩ ቀለሙን ሰባብሮ በመበተን አለርጂውን ወደ መላ ሰውነት ሊያዛምተው ይችላልና።

ሌዘር የሚሠራው እንዴት ነው? በ1983 በፈረንጆች አቆጣጠር ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ አንደርሰንና ፓሪሽ፣ ትክክለኛው የብርሃን ዓይነት እጅግ ባጠረ ጊዜ ውስጥ ከተተኮሰ በዙሪያው ያለውን ቆዳ ሳያቃጥል የተፈለገውን ነገር ብቻ ሊመታ እንደሚችል አስረዱ። የታቱ ሌዘሮች በዚህ መሠረት የተሠሩ ናቸው፤ በሰከንድ ቢሊዮንኛ (ኪው ስዊችድ የሚባሉት) ወይም ትሪሊዮንኛ (ፒኮ የሚባሉት) በሚቆጠር ጊዜ ቀለሙን ያደቁታል፣ ከዚያ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ብናኙን ቀስ በቀስ ያነሡታል። ቀለሙን የሚያጸዳው በመጨረሻ ማሽኑ ሳይሆን የራስዎ ሰውነት ስለሆነ፣ በሁለት ሕክምናዎች መካከል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መጠበቅ የግድ ነው። «በየሁለት ሳምንቱ ይምጡ» የሚል ቤት ገንዘብዎን እንጂ ቆዳዎን አላሰበም።

ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ይበልጥ የሚስማማው ኤንዲ ያግ የተባለው ሌዘር በ1064 ናኖሜትር (ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) ሲሠራ ነው፤ ይህ ብርሃን ጠልቆ ይገባል፣ የተፈጥሮ መልካችንን የሚሰጠው ሜላኒንም ከሌሎቹ ያነሰ ይመጠዋል። በ1064 በደንብ የሚለቀው ጥቁርና ግራጫ ቀለም ነው። ለቀይ የሚያገለግለው 532 ናኖሜትር ሜላኒንን አጥብቆ ስለሚመታ፣ በእኛ ቆዳ ላይ ነጭ ምልክት ወይም ማዲያት የሚመስል ጥቁረት የመተው ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ወደ ክሊኒክ ሲደውሉ «ሌዘር አላችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ «ማሽኑ ኪው ስዊችድ ወይም ፒኮ ኤንዲ ያግ ነው? በስንት ናኖሜትር ነው የምትሠሩት? የሚተኩሰው ማን ነው? በእኔ ዓይነት ቆዳ ላይ ቅንድብ አስለቅቃችሁ ታውቃላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ፀጉር ለማስወገድ የሚውለው ሌዘርና አይፒኤል የተባለው የብርሃን መሣሪያ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ ብርሃናቸው በእያንዳንዱ ምት የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሆነ ቀለሙ ሙቀቱን ይዞ በዙሪያው ያለውን ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ይተዋል። አንድ ማሽን ሁሉን ይሠራል የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ ይህን ያስታውሱ።

ከዚያ ሙከራ ይደረግ። ባለሙያው በቅንድቡ ጭራ በኩል፣ ብዙ በማይታይ ቦታ፣ አንዲት ትንሽ ነጥብ ብቻ ይተኩስና ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቅ። ነጥቡ ከጠቆረ በዚያ መንገድ መቀጠል ወይም አለመቀጠል በሐኪሙ የሚወሰን ይሆናል፤ አንዳንዴ የጠቆረው በተከታታይ በ1064 ይለቃል፣ አንዳንዴ ግን ሌላ ዘዴ ይሻላል። ጠባሳ ወይም የመልክ ለውጥ ከታየም ጉዳቱ ከምስር ፍሬ ባልበለጠ ቦታ ይቀራል። ይህን ሙከራ የማያደርግ ቤት ምንም ያህል የሚያምር ቢሆን ጥለው ይውጡ።

በሕክምናው ቀን ዐይንዎ በብረት መከለያ መሸፈን፣ በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉም ለዚያ ሌዘር የተሠራ መነጽር ማድረግ አለበት። የማደንዘዣ ክሬም በቅንድብ ላይ ሲቀባ ወደ ዐይን እንዳይወርድ ይጠንቀቁ፤ ሊዶካይንና ፕሪሎካይን ያለበት ክሬም የዐይንን ብሌን ይጎዳል። ሲተኮስ ቦታው እንደ በረዶ ነጣ ይልና በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል፤ የቅንድብ ፀጉርም ለጊዜው ሊነጣ ይችላል፣ በአዲስ ፀጉር ይተካልና አይደንግጡ።

ሌላው መንገድ የጨው ዘዴ የሚባለው ነው። ከሰውነት ፈሳሽ የበለጠ ጨው ያለው ንጹሕ ውሕድ በመርፌ ወደ ቀለሙ ስፍራ ይገባል፤ ቀለሙ ከፊሉ ወደ ላይ ተስቦ ከቅርፊቱ ጋር ይረግፋል። ይህ ዘዴ ቀለም አይመርጥም፣ ስለዚህ ሌዘር ሊያጠቁራቸው ለሚችሉት ለነጭና ለቆዳ መልክ ቀለሞች ይመረጣል፤ የእኅቴም ቅንድብ የተፈታው ሽፋኑ በጨው ከሳሳ በኋላ ከታች የቀረው ግራጫ በ1064 ሲተኮስ ነው። ይሁን እንጂ በመርፌ መቁሰል ያው መቁሰል ነው። በሁለት ሥራዎች መካከል ስምንት ሳምንት ያህል ይቆዩ፣ ጠባሳው አብጦ የሚያድግበት ሰው አያሠራ፣ መርፌው ከእሽጉ ሲወጣ በዐይንዎ ይዩ። በደም የሚተላለፉት ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና ኤችአይቪ በሌላ ሰው ላይ በዋለ መርፌ ይተላለፋሉ። በጨው ፋንታ አሲድ በመርፌ የሚያስገቡም አሉ፤ ለጠቆረ ቆዳ የማቃጠልና መልክ የመለወጥ አደጋው ስለሚበልጥ እኔ አልመክርም።

በቤት ውስጥ የሚሞከሩትን በተመለከተ ቃሌ አጭር ነው፦ አያድርጉ። ሎሚ፣ በረኪና፣ ጨው በድንጋይ ማሸት፣ የሚያነጡ ክሬሞች፣ ከኢንተርኔት የሚገዛ የታቱ ማጥፊያ ቅባት፣ ሁሉም የሚነካው የላይኛውን ቆዳ ነው፤ ቀለሙ ግን ከዚያ በታች ተቀምጧል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለታቱ ማጥፊያ የፈቀደው አንድም ክሬም የለም። ስቴሮይድ ያለባቸው ማንጫዎች ደግሞ ቆዳውን ስለሚያሳሱት፣ በኋላ ሊደረግ የሚችለውን ሕክምናም ያበላሻሉ።

የዐይን ሽፋን ጠርዝ ላይ የተሠራ ቋሚ ኩል ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። ሌዘር እዚያ የሚተኮሰው ከሽፋኑ ሥር፣ በብሌኑ ላይ በቀጥታ የሚቀመጥ የብረት መከለያ ከተደረገ በኋላ፣ በሐኪም ብቻ ነው። የጨው ዘዴንም በሽፋሽፍት ሥር አያስሞክሩ። ቀለሙ ከተሠራ ወዲህ ዐይንዎ የሚያለቅስ፣ የሚቀላ ወይም ብርሃን የሚፈራ ከሆነ አስቀድሞ የዐይን ሐኪም ይመርምርዎ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዐይን ሕክምና ክፍል አለ። ለከንፈርም፣ ምች የሚመላለስብዎ ከሆነ፣ ሐኪሙ ከሕክምናው በፊት የሚጀመር የቫይረስ መድኃኒት ሊያዝልዎ ይገባል።

ከተደረገ በኋላ ያለው እንክብካቤ በአዲስ አበባ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ ጎጂ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐይዋ ታጠቁራለች። ቁስሉ እስኪድን በጃንጥላና በባርኔጣ ይከልሉት፣ ከዳነ በኋላ የመከላከል መጠኑ (SPF) 30ና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ሳያቋርጡ ይቀቡ፤ የክረምት ደመናም ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አያግደውም። ቦታውን በንጹሕ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ያጽዱ፣ ስስ ቫዝሊን ይቀቡ፣ ቅርፊቱን አይላጡ፣ የተቋጠረውን ውኃ አያፍርጡ። አናትዎን ቅቤ የሚቀቡ ከሆነ ቅቤው ቀልጦ ወደ ቅንድብ ስለሚወርድ ለእነዚያ ሳምንታት ይተዉት። በግንባታ አቧራ ውስጥ የሚያልፉ ከሆነም ፊትዎን ሲመለሱ ይታጠቡ።

ጊዜውን ወደ ኋላ ቆጥረው ያቅዱ። ሠርግዎ ጥር ላይ ከሆነና አራት ጊዜ በስምንት ሳምንት ልዩነት መተኮስ ቢያስፈልግ፣ ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው ብቻ 24 ሳምንት ይሆናል፤ ቆዳው እስኪረጋ የሚያስፈልገው ሲጨመር ሰኔ መጀመሪያ ላይ መጀመር ይኖርብዎታል፤ ሙከራው ደግሞ ከዚያ በፊት በሚያዝያ። ኅዳር ላይ ቢያስቡት፣ በዚህ ዓመት በእርሳስና በኮንሲለር አስተካክለው ይዳሩና ማስለቀቁን ከጫጉላው በኋላ ይጀምሩ። ወደፊት የኤምአርአይ ምርመራ ቢታዘዝልዎ፣ በብረት ኦክሳይድ ምክንያት አልፎ አልፎ ማቃጠል ስለሚሰማ፣ ቅንድብዎ ቀለም እንዳለው ለባለሙያው ይንገሩ።

ከእያንዳንዱ ሕክምና በፊት በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት፣ ያለ ሜካፕ ፎቶ ይነሡ። ሁለት ተከታታይ ፎቶዎች ልዩነት ካላሳዩ፣ ወይም ቆዳው ከዙሪያው ይልቅ መንጣት ወይም ማበጥ ከጀመረ፣ ፎቶዎቹን ይዘው ሐኪሙ ዘንድ ይመለሱና ቀጣዩን ቀጠሮ ቢያንስ ለሦስት ወር ያስተላልፉ።