ትንሿ ድመት ምንጣፍ ላይ ስትሸና ምን እናድርግ?

ግልገል ድመት ቤቱ አምጥቶ፣ ምንጣፉ መሽተት ሲጀምር «ይቺስ አትሆነኝም» ብሎ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ብዙ ነው። መንገድ ላይ የሚጥላትም አለ። በጣም ያሳዝነኛል። ድመት ንፁህ እንስሳ ናት። ቆፍራ መቅበር በተፈጥሮዋ ያለ ነው፣ ከእኛ የሚጠበቀው የሚቆፈር ነገር ማቅረብ ብቻ ነው።

የምኖረው ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ የምሠራውም እዚያው ቤቴ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሽሮ (በቀለሟ ነው ስም ያወጣሁላት) የመጣችው በጨርቅ የተሞላ ቤት ውስጥ ነው። ለትንሽ ድመት ደግሞ ለስላሳና የሚቧጠጥ ነገር ሁሉ መሽኛ ይመስላታል። የብጣሽ ጨርቅ ክምር፣ ጋቢ፣ የደንበኛ ቀሚስ፣ የአበባ አፈር። ግቢ ባለው ቤት ድመቷ ጓሮ ወጥታ ጉዳይዋን ትጨርስ ነበር። ፎቅ ላይ አፈር የለም። አፈሩን እኛ ማምጣት አለብን።

አፈሩ ከሚገባበት፣ መሽኛዋ ከሚሆነው ሳፋ እንጀምር። ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ለትንሽ ድመት ግድግዳ ነው፣ ዘላ መግባት አትችልም። እኔ የተጠቀምኩት ያረጀ የሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። በቁመቱ አጋድማችሁ አንዱን ጎን ትቆርጡታላችሁ። በአንድ በኩል መግቢያውን ዝቅ አድርጉት፣ አራት ጣት ያህል ከፍታ ይበቃል። የተቆረጠው ጠርዝ ስለታም ስለሚሆን በወፍራም ፕላስተር ሸፍኑት። ቦታ ካላችሁ ሁለት ሳፋ አዘጋጁ። ለአንድ ድመት ሁለት፣ ለሁለት ድመት ሦስት የሚለው ልማድ ትክክል ነው። አንዳንድ ድመት ሽንቷንና ካካዋን አንድ ቦታ ማድረግ አትወድም።

ውስጡ ምን ይግባ? አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ግንባታ ስላለ አሸዋ አይጠፋም። በወንፊት ንፉት፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት፣ ሦስት ጣት ያህል ጥልቀት አድርጉበት። ከእንጨት ቤት የሚመጣ ሰጋቱራም ጥሩ ነው፣ ግን ከንፁህ እንጨት ይሁን። ሙጫ ካለው ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) የሚወጣው ብናኝ አይሆንም። የደቀቀውም አፍንጫዋን ይጎዳል፣ ፍቅፋቂው ይሻላል። አመድ ግን ተዉት። አመድ ሲረጥብ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሷ ደግሞ እግሯን ትልሳለች። ከሱቅ የሚገዛው፣ ሲረጥብ የሚጓጉለው አሸዋ በጣም ትንሽ ለሆነች ድመት አይመከርም። በዚያ ዕድሜ ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይሰዳሉ፣ ሆዳቸው ውስጥ ገብቶ ይጓጉላል። ሽቶ ያለበትንም አትግዙ። ሽቶው የተሠራው ለእኛ አፍንጫ ነው፣ እሷን ያባርራታል።

ቦታው ፀጥ ያለ ጥግ ይሁን። ከምግቧና ከውሃዋ ይራቅ፣ ድመት የምትበላበት አጠገብ መሽናት አትወድም። የእኔ የስፌት መኪና ሲነሳ ድምፁ ያስደነግጣታል፣ ስለዚህ ሳፋዋ ከማሽኑ ርቆ መኝታ ክፍል ውስጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሙሉውን ቤት አትልቀቁላት። አንድ ክፍል ውስጥ ሳፋዋ፣ ምግቧና መተኛዋ ይኑሩ። ትንሽ ድመት ሽንቷ ሲመጣ ረጅም መንገድ ሄዳ አትደርስም። ስትለምድ በሩን ክፈቱላት።

ከዚያ ሰዓቷን ማወቅ ነው። ከእንቅልፍ ስትነሳ፣ በልታ ስትጨርስ፣ ስትጫወት ቆይታ ድንገት ቆም ስትል አንስታችሁ ሳፋው ውስጥ አስቀምጧት። እጇን ይዛችሁ አታስቆፍሯት፣ ትፈራለች። አሸዋውን በጣታችሁ ጫር ጫር አድርጉና ተዋት። ሌላ ቦታ ካካ ካደረገች በሶፍት አንስታችሁ ሳፋው ውስጥ ጨምሩት፣ ሽታው ቦታውን ይነግራታል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። አፍንጫዋን ሽንቱ ላይ መድፈቅ፣ መምታት፣ መጮህ ይቅር። ከደቂቃዎች በፊት ላደረገችው ነገር እየተቀጣች እንደሆነ አይገባትም። የሚገባት እናንተ አስፈሪ መሆናችሁን ነው። በሚቀጥለው ከአልጋ ሥር ተደብቃ ትሸናለች፣ ያንን ደግሞ ማግኘቱም ማጽዳቱም ይከብዳል።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ድመት ሽንቷ የሸተተበት ቦታ ትመለሳለች፣ ስለዚህ የሥራው ግማሽ እዚህ ነው። የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ምንጣፍ ላይ ባልዲ ውሃ መድፋት አይታሰብም። ደግሞም ጥሩ አይደለም፣ ሽንቱን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። እርጥብ ሳለ ደረቅ ጨርቅ ጣሉበትና በእግራችሁ ቆማችሁ ጫኑት። አትሹት። ጨርቁን እየቀያየራችሁ ምንም እስከማይወጣ ድረስ ምጠጡት። ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ አርሱት፣ ጥቂት ቆይታችሁ እንደገና ምጠጡ። ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፣ አሳድራችሁ ጥረጉት። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በሳሙናና በውሃ ብቻ አይለቅም። የለቀቀ ይመስልና ክረምት ገብቶ ቤቱ ሲረጥብ ሽታው ይመለሳል። ኢንዛይም ያለው ማጽጃ የምታገኙ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ከአቼቶም ይሻላችኋል። ዩሪክ አሲዱን የሚሰባብረው እሱ ነው።

በረኪና አትንኩ። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፣ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። በረኪናና አቼቶ አንድ ላይ ደግሞ የባሰ አደገኛ ነው። እጣን ማጨስም ለድመቷ አይሠራም። እኛ እጣኑን እናሸታለን፣ እሷ ከሥሩ ሽንቷን ታገኘዋለች።

ለጨርቅ እንደ ልብስ ሰፊ ልምከራችሁ። ጋቢና የጥጥ ልብስ አቼቶ በገባበት ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፉና ከዚያ በሳሙና እጠቡ። ቀለም የሚለቅ ጨርቅ ከሆነ መጀመሪያ ጫፉ ላይ ሞክሩት። ሽታው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ግን ፈጽሞ አትተኩሱት። ሙቀት እድፉንም ሽታውንም ጨርቁ ውስጥ ያስቀረዋል። ያጸዳችሁት ቦታ ላይ ለጥቂት ቀን የምግብ ሳህኗን አስቀምጡ፣ የምትበላበት ከሆነ መሽኛነቱ ይቀራል።

ሳፋውን በየቀኑ ጥረጉ። ቀዳዳ ያለው አሮጌ ጭልፋ ይበቃል። አሸዋውን በፌስታል ቋጥራችሁ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት እንጂ ሽንት ቤት አትድፉት። ቧንቧው ሲዘጋ ከታች ያለው ጎረቤት ጭምር ነው የሚቸገረው። የየቀኑ ጽዳት ለእኛም ጤና ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ከካካው ጋር ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት ካለች ሌላ ሰው ይጥረግ። ማንም ከሌለ ጓንት አድርጋ በየቀኑ ትጥረግ፣ እጇንም በሳሙና ትታጠብ። በሽታው በጥሬ ሥጋም ስለሚተላለፍ ጥሬ ሥጋ እየበሉ ድመቷን ማባረር ትርጉም የለውም።

ሳፋው ጥሩ ሆኖ ካካዋ ቀጭን ከሆነና መድረስ ካቃታት ምግቧን እዩ። ድመት ሲባል ወተት መስጠት የቆየ ልማዳችን ነው። የላም ወተት ግን ብዙ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። ውሃ ይበቃታል። ወስፋትም ሊሆን ይችላል። ግልገሎች ከእናታቸው ወተት ጋር ይወስዱታል፣ ስለዚህ እንደመጣች የእንስሳት ሐኪም ጋ ወስዳችሁ በክብደቷ ልክ መድኃኒት አስጀምሯት። የሰው መድኃኒት ቆርሳችሁ አትስጧት።

ሳፋ የለመደች ድመት ድንገት ሌላ ቦታ መሽናት ከጀመረች፣ ደም ካያችሁ፣ ወይም ስትሸና ካለቀሰች አመሏ ተበላሸ አትበሉ፣ ታማ ይሆናል። ወንድ ድመት ደጋግሞ ቁጢጥ ብሎ ሽንት ካልወጣው በዚያው ቀን ሐኪም ይይ። የሽንት ቧንቧው ከተዘጋ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ወንዱ ካደገ በኋላ ቆሞ ግድግዳ ላይ መርጨት ከጀመረ ደግሞ ጉዳዩ የሳፋ አይደለም፣ ክልሉን ማመልከቱ ነው። አምስት ስድስት ወር አካባቢ ማስኮላሸት ብዙ ጊዜ ይህን ይከላከላል።

ሁሉ ነገር ከተስተካከለ በኋላ ሳፋውን ወደ በረንዳ ማውጣት ከፈለጋችሁ በአንድ ጊዜ አታድርጉት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያስጠጋችሁ ውሰዱት። በረንዳው ላይ ሽቦ ወይም መረብ መኖሩንም አረጋግጡ፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ስታድግ ጀሪካኑ ይጠባታል፣ ዞር ብላ መቆፈር የምትችልበት ሰፊ ሳፋ ትፈልጋለች። አዲሱን ስትሞሉ ከአሮጌው አሸዋ አንድ ጭልፋ ጨምሩበት። ሽታዋን ካገኘችው ሳትጠራጠር ትገባለች።