ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ግብር፦ ለሕግ ተማሪዎች የአጠናን መመሪያ

በገቢ ግብር ኮርስ ነጥብ የሚያስጥለው ሒሳቡ የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። ሒሳቡ ማባዛትና መቀነስ ነው፤ ፈተናው ያለው የትኛው ድንጋጌ አስቀድሞ መታየት እንዳለበት ማወቁ ላይ ነው።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ን፣ ማሻሻያውን አዋጅ ቁጥር 1395/2017ንና ደንብ ቁጥር 410/2009ን ጎን ለጎን ዘርጉ። የተሻሻለውን ሁሉ በዋናው አዋጅ ኅዳግ ላይ በእርሳስ አስፍሩ። ከነባር ተማሪዎች የሚወረስ ኖት እስከ 600 ብር ነፃ የሚል ከሆነ የቀድሞው መጣኔ (የግብር መቶኛ) ነው፤ አትመኑት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም የአማርኛውን ቅጂ አንብቡ፤ ሁለቱ ቢጋጩ የሚጸናው እሱ ነው።

ጥያቄ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ ነዋሪነትን (አንቀጽ 5)፣ ቀጥሎ የገቢውን ምንጭ (አንቀጽ 6)፣ ከዚያ ሠንጠረዡን (ገቢው በአዋጁ የትኛው የገቢ ምድብ ውስጥ እንደሚወድቅ)፣ ከዚያም ገቢው በአንቀጽ 65 ነፃ መሆን አለመሆኑን መርምሩ። መጣኔ የመጨረሻው ነው። ነዋሪ ውጭ አገር ባገኘው ገቢም ግብር ይከፍላል፤ ነዋሪ ያልሆነ ግን ከኢትዮጵያ በመነጨው ብቻ።

ረጅም ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ሠንጠረዥ መለየቱን ነው። በቀጣሪ አመራርና ቁጥጥር ሥር የሚሠራ ሰው ሠንጠረዥ «ሀ» (ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ) ውስጥ ይገባል፤ በራሱ ነፃነት ሥራ ተቀብሎ የሚያስረክብ «ሐ» (የንግድ ሥራ ገቢ) ውስጥ። ልዩነቱ ከባድ ውጤት አለው፦ የ«ሐ» ግብር ከፋይ ለሥራው ያወጣውን ወጪ ይቀንሳል፣ ተቀጣሪ ግን አይቀንስም። የውሉ ርዕስ አያታልላችሁ፤ ሰዓቱን ማን ይወስናል፣ መሣሪያው የማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። የሥራ መሪም ሌላው ወጥመድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከተውም፣ ለግብር ግን ተቀጣሪ ነው። የአንዱን ሕግ ትርጉም ወደ ሌላው የሚያሻግር ተማሪ እዚህ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ስሌቱ። ወርኃዊ ገቢ እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ይታሰብበታል። ደመወዙ 18,000 ብር የሆነ ሰው በየእርከኑ 300፣ 600፣ 750፣ 1,200 እና 1,400፣ በድምሩ 4,250 ብር ይከፍላል። በአቋራጩ 18,000 × 0.35 − 2,050 ብትሉ እዚያው ትደርሳላችሁ። 2,050 ከየት እንደመጣ ግን አንድ ጊዜ በእጃችሁ አውጡት፤ ዝቅተኛው እርከን በዝቅተኛ መጣኔ በመታሰቡ የሚመለሰው ልዩነት ነው። ይህን ያልተረዳ ሙሉውን ደመወዝ በ35 በመቶ አባዝቶ 6,300 ይጽፋል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የሠራተኛውን 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አስቀድሞ መቀነስ ነው። ግብሩ የሚሰላው በ18,000 ላይ ነው፤ መዋጮው 1,260 ብር ለብቻው ይቀነስና በእጅ የሚገባው 12,490 ብር ይሆናል።

ሕገ መንግሥቱንም አትዝለሉት። በአንቀጽ 97 መሠረት የክልል መንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሥራ ግብር የሚጥለው ክልሉ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ባሕር ዳር ያለ የግል ፋብሪካ ሠራተኛን ከጠቀሰ፣ ድንጋጌው ቢመሳሰልም የሚጠቀሰው የክልሉ አዋጅ ነው።

ለልምምድ አንድ ጉዳይ ወስዳችሁ በየጊዜው አንድ ፍሬ ነገር ብቻ ለውጡ፦ ነዋሪነቱ እንዲለወጥ በኢትዮጵያ የቆየበትን ቀን ከ183 በታች አድርጉ፣ ቀጣሪውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት አድርጉ፣ ከደመወዙ ላይ ለሥራ ጉዞ የተተካ ወጪ ጨምሩ። መልሱ በተለወጠ ቁጥር የለወጠውን አንቀጽ ከጎኑ ጻፉ።