የጋዝ ቧንቧ መዝገብን ለቁጥጥር ማዘጋጀት

በአሜሪካ የጋዝ ማስተላለፊያ ቧንቧ የሚያስተዳድሩ ከሆነ፣ የፌዴራል መርማሪ ከመምጣቱ በፊት መዝገብዎን መሬት ውስጥ ካለው ቧንቧ ጋር ያመሳክሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያዋ ሳን ብሩኖ ፈንድቶ 8 ሰዎችን የገደለው ቧንቧ በመዝገቡ ላይ ስፌት አልባ ተብሎ ቢሰፍርም፣ በተግባር ግን በቁመቱ የተበየደ ነበር፤ እንዲህ ያለው መዝገብ፣ በእኔ እይታ፣ ጨርሶ ከጠፋው ይብሳል። የግፊት ፍተሻ ሰነድ የኃላፊውን ሠራተኛ ስም፣ ለፍተሻው የዋለውን ውሃ ወይም ጋዝ፣ የግፊቱን መጠንና የቆይታውን ጊዜ መያዝ ያለበት ሲሆን፣ ቧንቧው አገልግሎት ላይ እስካለ ድረስ ሊጠበቅ ይገባል።

የጥሰት ማስታወቂያ ከደረስዎ በ30 ቀናት ውስጥ ክሱን መቀበል፣ በጽሑፍ ማስረዳት ወይም እንዲሰሙ መጠየቅ ይችላሉ፤ ዝም ማለት ግን የመከራከር መብትን እንደመተው ይቆጠራል።