ቅልጥሟ ደግሞ ሲሰነጠቅ፦ ችግርና መፍትሄ

ቅልጥሟን የሚያማትን ሯጭ ጫማ ቀይራችኋል። ከአስፋልት ወደ ሣር ወስዳችኋታል። ኪሎ ሜትሩንም ቀንሳችኋል። ልጅቷ ስድስት ሳምንት አርፋ ተመለሰች። በአራተኛው ወር ሌላኛው እግሯ ተሰነጠቀ። የምጽፈው ለዚህ ነው።

ለሯጮች በወጌሻነት መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ድሮ ሴት ሯጭ ቅልጥሟን ይዛ ስትመጣ እግሯን ብቻ ነበር የማየው። ዛሬ ገና ሳልነካት "ፔሬድሽ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው መቼ ነው?" እላታለሁ።

ምልክት፦ በአንድ ጣት የሚጠቆም ሕመም

"የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?" በሏት። ቅልጥሟን በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ካሻሸች፣ አብዛኛውን ጊዜ የአጥንቱ ሽፋን ተቆጥቶ ነው፤ ልምምዱ ሲቀንስ ይተዋታል። በአንድ ጣት ነክታ "እዚህች ጋ" ካለች፣ ማታ ተኝታም ካመማት፣ ስንጥቅ ነው ብላችሁ ያዙት።

ራጅ ምንም አላሳየም ብላችሁ ወደ ልምምድ አትመልሷት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ስንጥቁን ላያሳይ ይችላል። ኤምአርአይ ያሳያል፤ ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ገንዘቡ ከሌለ እንደተሰነጠቀች ቆጥራችሁ አሳርፏት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ራጁን ድገሙት።

ቦታውን አታሹት። አታስሹትም። ማስታገሻ መርፌ ተወግታ ውድድር የገባች ልጅ አይቻለሁ፤ ስንጥቁ ሙሉ ስብራት ሆኖ በቃሬዛ ወጣች።

ምክንያት፦ የቀረው ፔሬድ

አንዲት የ19 ዓመት ልጅ በሰኔ ወር መጣች። ሦስተኛ ስንጥቋ ነበር። ፔሬዷን ስጠይቃት ወደ መሬት አየች።

"ከአምና ጥምቀት ወዲህ አልመጣም፣ ሲስተር።"

በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ ሰባት ወር።

"ለምን አልተናገርሽም?"

"ማንም አልጠየቀኝም። ደሞ ካምፕ ውስጥ ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ኮች 'ፎርም ውስጥ ገብተሻል ማለት ነው' አለኝ።"

ይህ አባባል ስንት ልጅ እንዳስቀረ ሳስብ ያንገበግበኛል። ፔሬድ ሲቀር ፎርም አይደለም። ሰውነት ነዳጅ አልቆበት መብራት እያጠፋ ነው።

የበላችውን ጠየቅኳት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሰርቪስ ወጣች፣ 25 ኪሎ ሜትር ሮጠች። የሰኔ ጾም ነውና እስከ 9 ሰዓት አልቀመሰችም። ከዚያ ሽሮ በእንጀራ፣ ማታ ሻይ በዳቦ። በቃ።

እስቲ አብረን እናስላ። ልጅቷ 48 ኪሎ ናት። ሯጭ በኪሎ ሜትር በየኪሎዋ ወደ 1 ካሎሪ ታቃጥላለች፤ ስለዚህ የዚያን ቀን ሩጫ ብቻ 1,200 ካሎሪ ወሰደ። ስቡ ሲቀነስ ሰውነቷ 41 ኪሎ ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ 45 ካሎሪ ከሩጫው ውጪ መትረፍ አለበት። ይህ 1,845 ነው። ድምሩ ከ3,000 ያልፋል። የሚተርፈው በኪሎ ከ30 በታች ሲወርድ አንጎል እንቁላል ለሚያመነጨው አካሏ፣ ለእንቁልጢዋ፣ የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ይወርዳል፣ ፔሬድ ይጠፋል።

አጥንት ሁልጊዜ ይፈርሳል፣ ሁልጊዜ ይገነባል። አፍራሹን የሚይዘው ኢስትሮጅን ነው። እሱ ሲጎድል መፍረሱ ይበልጣል። የሚያስፈራው ዕድሜው ነው፤ አብዛኛው የአጥንት ክምችት የሚሞላው እስከ 20 ዓመት ገደማ ነው። ልጆቻችን ካምፕ የሚገቡት በ16 እና በ17 ነው።

የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ ሯጭ ሜሪ ኬን እ.ኤ.አ. በ2019 በአደባባይ ስትናገር ፔሬዷ ለሦስት ዓመት እንደቀረና አምስት አጥንቷ እንደተሰበረ አስረድታለች።

ክብደቷ ደህና ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ኪሎዋ ሳይቀንስ ፔሬዷ የቀረ ብዙ አይቻለሁ።

መፍትሄ፦ ሳህኑ ላይ

መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ። አትፈሩ፣ ጠይቁ። ከዚያ ሐኪም ፔሬድ ሊያስቀሩ የሚችሉትን የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞኖች ይይ። ፔሬዷ ለስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከቀረ የአጥንት ጥግግት ምርመራም ያስፈልጋታል።

ሌላው ምግብ ነው። በቀን ከ300 እስከ 600 ካሎሪ ጨምሩላት፣ ልምምዱን ቀንሱላት። ከሩጫ እንደጨረሰች ሰርቪሱ ውስጥ እያለች በሶ ትጠጣ፤ ቤት እስክትደርስ አትጠብቅ። በፍስኩ ወተትና እርጎ። በጾሙ ሰሊጥ፣ ጎመን፣ ሽምብራ፣ ለውዝ፣ ጤፍ። ካልሲየሙ በቀን ከ1,000 እስከ 1,300 ሚሊ ግራም ይሁን። ቫይታሚን ዲ ይለካላት።

ጹሚ አትጹሚ አልልም። ለዚያች ልጅ ያልኳት "የንስሐ አባትሽን ስለ ሰዓቱ አማክሪ" ነው። አማከረች። የተሰበረ አጥንት እንዳላት ሲሰሙ ጠዋት እንድትበላ ፈቀዱላት። ፔሬዷ የተመለሰው በዘጠነኛው ወር ነው። ቶሎ አይመጣም፤ ከዓመት በላይ የሚፈጅባትም አለች።

"ፒል (የወሊድ መከላከያ እንክብል) ስጧትና ይምጣላት" የሚሉ አሉ። እባካችሁ ተዉ። በፒል የሚመጣው ደም የራሷ ዑደት አይደለም። አጥንቷን አይጠግንም፣ ምልክቱን ግን ይደብቃል። ሐኪም ሆርሞን ያስፈልጋታል ካለ በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኢስትሮጅን ከፒሉ የተሻለ ነው።

የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ትወስድ እንደሆነ ለብቻው ይጠየቅ። መርፌው ራሱ ፔሬድ ያስቀራል፣ ሲቆይም አጥንት ያሳሳል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2004 እ.ኤ.አ. ከባድ ማስጠንቀቂያ ያስለጠፈበት ነው። እህቴ፣ ዝም ብለሽ አታቋርጪው። ጤና ጣቢያ ሄደሽ "ሯጭ ነኝ፣ ሌላ ምን አለ?" በይ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

15 ዓመት ሞልቷት ፔሬድ ጭራሽ ያላየች፦ ሐኪም ጋ፣ ሳይዘገይ።

ዑደቷ ከ35 ቀን በላይ የሚራዘም፦ ገና አልቀረም ብላችሁ አትጠብቁ፣ ምግቡን አሁን ጀምሩ።

ከወገብ በታች አንድ መቀመጫዋን የሚያማት፦ ነርቭ ነው ተብላ ወራት የታሸች አለች፤ የዳሌ አጥንት ስንጥቅ ነበር።

ስትሮጥ ብሽሽቷን የሚያማት፦ አታዘልሏት፣ አታስሩጧት፣ በዚያ እግሯ እንድትቆምም አትጠይቋት። የታፋ አጥንት አንገት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ ከለቀቀ ቀዶ ሕክምና ነው። ክራንች ስጧትና ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷት።