ከፈረሰ ቤት ድንጋይ እርግብ መቅረጽ

አሮጌ ቤት ሲፈርስ ቆርቆሮው፣ በሩና መስኮቱ ወዲያው ገዢ ያገኛል። የመሠረቱ ድንጋይ ግን ብዙ ጊዜ ከአፈሩ ጋር ተጭኖ ይደፋል። ሳየው ያሳዝነኛል። ሰው በእጁ የጠረበው፣ ስንት ክረምት የቻለ ድንጋይ ነው። ዛሬ ከእሱ ላይ ክንፏን ሰብስባ የተቀመጠች እርግብ እንዴት እንደምትወጣ ላሳያችሁ።

ድንጋዩን ከመውሰዳችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ከመቃብርና ከቅርስ ቦታ ግን ጠጠር እንኳ እንዳታነሱ። ለጀማሪ የአሸዋ ድንጋይ ይስማማል፤ የአምቦ ድንጋይ የምንለው ከዚሁ ወገን ነው። ጥቁሩ ባዛልት ክንድ ይጨርሳል፣ ለሌላ ጊዜ ይቆያችሁ። መጠኑ 30 በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ትንሽ ቢመስልም ወደ 28 ኪሎ ስለሚመዝን ለሁለት አንሱት።

አሁን ድንጋዩ ጤነኛ መሆኑን እዩ። የተጣበቀውን ሲሚንቶ አራግፉለትና በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩት። እናቶች ገበያ ላይ ጀበና ሲገዙ በጣታቸው መታ መታ እንደሚያደርጉት ማለት ነው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ካወጣ ውስጡን ጠርጥሩ። ቀጥሎ በውሃ አርሱትና ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ላዩ ሲደርቅ ስንጥቁ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ እንደ ጥቁር ክር ይታያችኋል። እኔ አንዴ በችኮላ ይህን ዘልዬ፣ ሁለት ሳምንት የደከምኩበት ሥራ ለሁለት ተከፍሎብኛል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ 1 ኪሎ ገደማ የሚመዝን መዶሻ፣ ሹል መሮ፣ ጥርስ ያለው መሮ፣ ጠፍጣፋ መሮ፣ ሞረድ። የእንጨት መሮ እዚህ አይሠራም። መነጽርና ደህና የአቧራ ማስክ ግን የግድ ነው። የአሸዋ ድንጋይ አቧራ ሲሊካ አለበት፤ ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይድንም። ደጅ ሥሩ፣ ድንጋዩን ውሃ እያርከፈከፋችሁ፣ ልጆችን አርቃችሁ።

መጀመሪያ እርግቧን በጭቃ አነስ አድርጋችሁ ሥሯት። ከዚያ ድንጋዩን እያገላበጣችሁ እዩት። ጎበጥ ያለው ለጀርባዋ፣ ረዘም ያለው ጫፍ ለጭራዋ ይሁን። በከሰል በአራቱም ጎንና በአናቱ ላይ ሳሉት። ምንቃሯን ደረቷ ላይ አሳርፉ፣ ወደ ውጭ የወጣ ቀጭን ነገር ይሰበራልና። አክሱም አጠገብ ጎቦድራ ያለችውን አንበሳ አስቡ። አካሏ ከአለቱ ላይ ከፍ ብሎ ወጣ እንጂ ከአለቱ አልተለየም።

ማዳበሪያ ከረጢት በግማሽ አሸዋ ሙሉና ድንጋዩን እላዩ ላይ አስቀምጡት። አሸዋው ምቱን ይውጣል፣ ድንጋዩም አይንሸራተትም። ሹሉን መሮ 45 ዲግሪ ያህል አጋድሙት። ቀጥ አድርጋችሁ ከመታችሁ ድንጋዩ ውስጡ ድረስ ይቀጠቀጥና በኋላ ሞረድ የማያጠፋው ነጭ ነጥብ ይቀራል። እንደ እርሻ ትልም በትልም ሂዱ፤ ከዚያ በትልሞቹ መካከል የቀረውን ጉብታ አንሱ። ምታችሁ ከጠርዝ ወደ መሃል ይሁን፣ ወደ ጠርዝ ከሆነ ማዕዘኑ ይገነጠላል። አንዱን ጎን ብቻ አትጨርሱ፤ ዙሩት፣ ራቅ ብላችሁም እዩት።

ቅርጿ ሲገለጥ ጥርስ ያለውን፣ ቀጥሎ ጠፍጣፋውን መሮ ያዙ። ዓይኗንና የክንፏን መስመር መጨረሻ ላይ በቀላል ምት አውጡ። ሞረድ ካለፈበት በኋላ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት በ80፣ በ120፣ በ220 ቁጥር እያከታተላችሁ አልስልሱ። የአሸዋ ድንጋይ እንደ እምነበረድ አያንጸባርቅም፤ ልስላሴው ይበቃዋል።

የታችኛውን ክፍል ግን ተዉት። የድሮው ጠራቢ የመሮ ምልክት እንዳለ ይቆይ፣ እርግቧም እላዩ ላይ ትረፍ።