የስዕል ፖስትካርድ ግድግዳ ላይ ውሃ እንዳይበላው

ብዙ ሰው ፖስትካርድ የሚያክሉ ስዕሎች ይገዛና ወይ በስጦታ ያገኝና መሳቢያ ውስጥ ከቶ ይረሳቸዋል፣ ልስቀል ያለ ቀን ደሞ ከሶፋው በላይ ያለው ሰፊ ባዶ ግድግዳ መሃል አንዷን ብቻ ይለጥፍና ከሩቅ ሲያያት የተረሳ ደረሰኝ ትመስለዋለች። ከዛ «ፖስትካርድ ለቤት አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ይሆናልኮ! ግን የካርዱን ትንሽነት ከመውቀሳችን በፊት ምን አይነት ስዕል እንደመረጥንና የት እንደሰቀልነው እንይ።

ከምርጫው ልጀምር፣ እኔ በበኩሌ ግማሹ ስራ እዚህ ጋ ያልቃል ባይ ነኝ። ካርድ ስትመርጡ የኦሪጅናሉን መጠን ፈልጉ። ስዕሉ ሲሰራ ምን ያህል ነበር? የሬምብራንት «የሌሊቱ ዘብ» ኦሪጅናሉ ቁመቱ ከ3 ሜትር ተኩል ወርዱ ደሞ ከ4 ሜትር በላይ ነው፣ እሱን 15 ሴንቲ ላይ ስታመጡት ያ ሁሉ ሰው ጨለማው ውስጥ ይሰምጥና የሚተርፋችሁ ጥቁር ነገር ላይ የተበተኑ ፊቶች ነው። የፒካሶ «ጌርኒካ»ም ወደ 7 ሜትር ከ80 የሚጠጋ ርዝመት ነው ያለው፣ ካርድ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት። በተቃራኒው ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ያለችውን የቨርሜርን «ዳንቴል ሰሪ» ውሰዱ፣ ኦሪጅናሏ ራሱ 24 በ21 ሴንቲ ገደማ ብቻ ናት! ካርድ ስትሆን ብዙም አትጎዳም፣ አንገቷን ደፍታ ጣቶቿ ላይ ስትጠመድና ከፊት ለፊት ከትራሱ ላይ የሚፈሰው ቀይና ነጭ ክር ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የዱረር ጥንቸልም (1502) እንደዛው ናት፣ 25 በ23 ሴንቲ ገደማ። ጥሩ ፕሪንት ከሆነ ጠጉሩ አንድ በአንድ ይለያል፣ አይኗ ውስጥ ደሞ የመስኮት ነጸብራቅ አለ፣ ካርዱን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው። የዳሊ የሚቀልጡ ሰዓቶችስ? ሰው ሁሉ ግድግዳ የሚያክል ይመስለዋል፣ 24 በ33 ነው እኮ። የሆኩሳይ ትልቁ ማዕበል ደሞ ከመጀመሪያውም በእንጨት ተቀርጾ ወረቀት ላይ የታተመ ነው፣ መስመሩ ግልጽ ቀለሙ ጥቂት ስለሆነ እንኳን ፖስትካርድ ቴምብርም ላይ ቢሆን ይታወቃል።

ትልቅ ስዕል የግድ ከወደዳችሁ ደሞ ሙሉውን ሳይሆን ቁራጩን የሚያሳይ ካርድ ፈልጉ፣ አንድ ፊት፣ አንድ እጅ፣ የሞኔ ኩሬ ላይ አንድ ጥግ ምናምን። ብዙ ጊዜ ከሙሉው ይሻላል። ከመግዛታችሁ በፊት ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ስዕሉን ስልካችሁ ላይ ክፈቱትና ስልኩን አንድ ቦታ አስደግፋችሁ ሁለት ሜትር ያህል ወደኋላ ሂዱ። ምን እንደሆነ ከለያችሁት ካርዱም ይሰራል፣ አይናችሁን ማጨንቆር ከጀመራችሁ ይቅርባችሁ።

ራሳችሁ ማሳተም ለምትፈልጉ፣ በአምስተርዳም ራይክስሙዚየምና በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ዌብሳይት ላይ የቅጂ መብታቸው ያለቀ ብዙ ስራዎች በትልቅ ሪዞሉሽን በነጻ ዳውንሎድ ይደረጋሉ። ለ10 በ15 ሴንቲ ቢያንስ 1200 በ1800 ፒክስል ይኑረው፣ ከዛ በታች ከሆነ ይደበዝዛል። ወረቀቱ ወፈር ያለ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም አካባቢና የማያብለጨልጭ ቢሆን ይመረጣል፣ በተለይ ጨለም ያለ ስዕል አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ከታተመ ማታ የምታዩት ስዕሉን ሳይሆን አምፖሉን ነው። ዳሊና ፒካሶ መብታቸው ገና ስላላለቀ እነሱን ታትሞ የሚሸጠውን ግዙ።

እሺ አሁን ቦታ። ትንሽ ስዕል ሰው ጠጋ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ነው የሚፈልገው። የማብሪያ ማጥፊያው ጎን፣ የበሩ ፍሬምና የቁምሳጥኑ መሃል ያለችው ጠባብ ግድግዳ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ ጎን፣ የመኝታ መብራት አጠገብ፣ የምትሰሩበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት። የቁምሳጥን በር ውስጠኛውም ያምራል፣ በከፈታችሁት ቁጥር ታዩታላችሁ እንግዳ ደሞ አያውቀውም። ቆመው ለሚያዩት ቦታ የስዕሉ መሃል ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሴንቲ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ቁጭ ብላችሁ ለምታዩት ግን ዝቅ አድርጉት፣ ብዙ ቤት ውስጥ ስዕል ያለቅጥ ከፍ ብሎ ነው የሚሰቀለው።

ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይ እንዳታደርጉ። የታተመ ነገር ፀሐይ ላይ ሲቆይ ብዙ ጊዜ ቢጫውና ቀዩ ቀድሞ ይጠፋና ሁሉ ነገር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ የቆዩ ፖስተሮች ላይ አይታችሁት ይሆናል። ሻወር ቤት እንፋሎቱ ካርዱን ያጣምመዋል፣ ምድጃ አጠገብ ደሞ ቅባቱ። የምትወዱትን ካርድ እዛ አታድርጉ በቃ።

ፍሬም ላይ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። አብዛኛው ፖስትካርድ ኤ6 ነው፣ ማለትም 10.5 በ14.8 ሴንቲ፣ ገበያ ላይ የሞላው የፎቶ ፍሬም ደሞ 10 በ15 ነው፣ ስለዚ በጎን ግማሽ ሴንቲ ይተርፍና አይገባም፣ ሰውም መቀስ ያነሳል። አትቁረጡት! ከፍ ያለ ፍሬም ግዙ፣ 13 በ18 ወይ 18 በ24፣ ውስጡ ደሞ ፓስፓርቱ አድርጉ፣ መሃሉ እንደ መስኮት የተቆረጠው ወፍራም ካርቶን ማለቴ ነው። መስኮቱ 9.5 በ13.8 ከሆነ በአራቱም በኩል ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ካርዱን ይዞ ያስቀረዋል። እኔ 18 በ24ቱን ነው የምመርጠው ምክንያቱም ዙሪያው ያለው ነጭ ቦታ ካርዷን ያስከብራታል፣ ትንሽነቷ ታስቦበት የተደረገ ይመስላል። የታችኛውን ነጭ ከላይኛው ትንሽ ካሰፋችሁት ደሞ ስዕሉ ወደታች የወረደ አይመስልም። ካርቶኑ አሲድ የሌለው ይሁን፣ ርካሹ በጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆንና ካርዱንም ያበላሻል። ካርዱን ከካርቶኑ ጋር ስታያይዙ ከላይ በኩል ብቻ ሁለት ቦታ በወረቀት ቴፕ ያዙት፣ ወረቀት እርጥበት ሲያገኝ ይለጠጣል ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ አራቱንም ጎን ካሰራችሁት ይኮማተራል። ኮላ ፈጽሞ።

ሰፊ ግድግዳ የግድ መሙላት ካለባችሁ በብዛት ሂዱ። ዘጠኝ የቆሙ ካርዶች ሶስት በሶስት፣ መሃላቸው 3 ሴንቲ ክፍተት ትታችሁ ብትደረድሯቸው ወደ 38 በ50 ሴንቲ ይመጣል፣ ከሩቅ እንደ አንድ ስዕል ነው የሚታየው። እነዚህ ዘጠኙ ግን የሚያገናኛቸው ነገር ይኑር፣ ሁሉም ውስጥ ሰማያዊ ያለባቸው፣ ወይ ሁሉም ወፍና እንስሳ፣ ወይ ሁሉም የሰው ፊት። ያገኙትን ሁሉ መለጠፍ የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ ወለል ላይ ደርድሩት፣ ከላይ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ቦታ እየቀያየራችሁ ደግማችሁ አንሱ፣ ፎቶ ላይ አይናችሁ ያላየው ነገር ይወጣል፣ ለምሳሌ ሶስቱ ጥቁር ካርዶች አንድ ጥግ ላይ ተከማችተው ይሆናል። ስትሰቅሉ ደሞ ከመሃለኛው ጀምራችሁ ወደ ውጪ ሂዱ።

ፍሬም አልፈልግም ካላችሁ ቀላሉ ክርና ትንንሽ የእንጨት መቆንጠጫ ነው፣ ግን መቆንጠጫው ጥርሱን ካርዱ ላይ እንዳይተው መሃል ላይ ቁራጭ ወረቀት አድርጉ። ቀጭን መደርደሪያ ሰቅሎ ካርዶቹን ማስደገፍ ደሞ ከሁሉም ይመቸኛል፣ አንዱን አንስቶ ሌላ መተካት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ያ ሊጥ የሚመስለው ማጣበቂያ ግን ቅባቱ ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ምልክት ስለሚተው ለምትሳሱለት ካርድ አይሁን፣ በሁለት በኩል የሚያጣብቀው ቴፕም ሲነሳ የካርዱን ጀርባ ወይ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ይነሳል። በእሱ ፋንታ ለፎቶ አልበም የሚሸጡትን የማዕዘን ኪሶች ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ ካርዱን እዛ ውስጥ ሰካ ማድረግ ነው፣ ካርዱን ምንም ማጣበቂያ አይነካውም።

ያልተሰቀሉትን ደረቅ ቦታ በሳጥን ውስጥ አቁማችሁ አስቀምጡና ሲሰለቻችሁ ቀያይሩ። ጀርባው ላይ ከማን እንደተሰጣችሁ ምናምን መጻፍ ካማራችሁ ለስለስ ባለ እርሳስ ጻፉ፣ እስክሪብቶ ተጫኑት ማለት ምልክቱ በፊት በኩል ሰማዩ ላይ ብቅ ይላል።