የገና ዋዜማን የሬዲዮ ውሎ እንዴት እናሰናዳ?

የገና ዋዜማ ለአድማጩ የበዓል ቀን አይደለም። ኅዳር 15 የተጀመረው ጾመ ነቢያት የሚፈታው ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ በመሆኑ፣ ዋዜማው ገሃድ ተብሎ የሚጾም፣ ገበያው የሚደምቅበትና ወጥ ቤቱ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። ብዙ ጣቢያዎች ግን ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምረው የበዓል ዘፈን ስለሚያሰሙ፣ የበዓሉ ጠዋት ሲደርስ አድማጩ ከጣቢያው የሚጠብቀው አዲስ ነገር አይቀርም። ስለዚህ የዕለቱን ዝርዝር የሚያወጣ አዘጋጅ በመጀመሪያ ሊወስን የሚገባው የትኛው ድምፅ ለዋዜማው፣ የትኛው ደግሞ ለበዓሉ እንደሚቆይ ነው።

ከዚያ በፊት ቀኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ገና አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ይከበራል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው፣ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ዋዜማው ወደ 27 ይመጣል። የአምናውን ዝርዝር ገልብጦ የሚጠቀም አዘጋጅ በዚህ ሊሳሳት ይችላል። በዓሉ እንደ 2018 ዓ.ም. ረቡዕ ቀን ሲውል ደግሞ ስለ ጾም የሚጠይቅ አድማጭ ስለሚበዛ፣ ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም እንደሚፈሰክ የሚያስረዳ የቤተ ክርስቲያን መምህር አስቀድሞ መቅረጽ ይበጃል።

ቀረጻው ከታኅሣሥ መግቢያ ጀምሮ ቢከናወን መልካም ነው፤ በዋዜማው ዕለት የሚጋበዝ እንግዳ ወይ ገበያ ነው ወይ መንገድ ላይ፣ ባልደረቦችም ቢሆኑ ወደ ቤተሰባቸው መሄድ ይፈልጋሉ። ትረካው፣ ቃለ ምልልሱና የአዛውንቶቹ ጨዋታ ተቀርጾና ተቀናብሮ ካለቀ፣ በዕለቱ በቀጥታ የሚተላለፈው የገበያው፣ የመንገዱ፣ የዜናውና የአድማጭ ስልክ ብቻ ይሆናል። ለዚህም አንድ አቅራቢ፣ አንድ ቴክኒሻንና ሁለት ዘጋቢዎች በየፈረቃው ይበቃሉ።

ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ የገበያ ነው። አንዱ ዘጋቢ ከሾላ፣ ሌላው ከሸጎሌ ወይም ከአቃቂ የቁም እንስሳት ገበያ በየሰዓቱ ቢደውል፣ አድማጩ ከቤት ሳይወጣ ወዴት እንደሚሄድ ይወስናል። ዋጋ ሲነገር ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። «በግ ይህን ያህል ገባ» ብሎ አንድ ቁጥር መጥራት ነጋዴውን ያስወድዳል፣ ገዢውንም ያስደነግጣል፤ ስለሆነም ዋጋው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው፣ ከገበያው ስምና ከተጠየቀበት ሰዓት ጋር ሊነገር ይገባል። ዘጋቢውም ሻጩን ብቻ ጠይቆ መመለስ የለበትም፤ ገዝቶ የሚወጣውን ሰው ማግኘት አለበት፣ ምክንያቱም የተጠራው ዋጋና የተከፈለው ዋጋ በእኛ ገበያ ብዙ ይራራቃሉ። ከዚህ ጎን ለጎን የእሁድ ገበያዎችና የሸማቾች ማኅበራት ሱቆች ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ፣ በላምበረትና በቃሊቲ መናኸሪያዎች ተሳፋሪው ምን ያህል ወረፋ እንደሚጠብቅ በአጭሩ ይነገራል። ከባዕድ ነገር ጋር የተቀላቀለ ቅቤ እንዴት እንደሚለይ የሚናገር ባለሙያም ከዚህ የተሻለ ሰዓት አያገኝም፤ ቅቤው ከተገዛ በኋላ ምክሩ ለጸጸት እንጂ ለሌላ አይጠቅምም።

ከ3 ሰዓት በኋላ እጅ ሁሉ ሽንኩርት ላይ ነው። ሰሚው ተቀምጦ ሳይሆን እየሠራ የሚያዳምጥ በመሆኑ ረዥም ትረካና የማይቸኩል ጭውውት ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው በዚህ ጊዜ ነው፤ በየአምስት ደቂቃው ሙዚቃ እያስገቡ ወሬን መቆራረጥ አድማጭን ከማሰልቸት በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። የምግብ ዝግጅት ፕሮግራም ካለም ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ምክር የሚደርሰው ድስቱ ከተጣደ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የዶሮ ወጥ የምትሠራው እናት ጾመኛ ስለሆነች ወጡን አትቀምስም። ስለዚህ የተጋበዘችው ባለሙያ «ጨው እየቀመሳችሁ ጨምሩ» ብትል ምክሯ ለዕለቱ ዋጋ የለውም፤ ለአንድ ዶሮ ስንት ሽንኩርት፣ ስንት ማንኪያ በርበሬ፣ ምን ያህል ጨው እንደሚበቃ በልክ እንድትናገር አዘጋጁ አስቀድሞ ሊያሳስባት ይገባል። ዶሮው ወደ 12 ብልት የሚወጣበትን መንገድ ለጀማሪ በድምፅ ማስረዳትም ይቻላል፤ ነገር ግን ቀስ ተብሎ፣ ቢቻል ሁለት ጊዜ መነገር አለበት።

ከሰዓት በኋላው ለትዝታ ይመቻል። ገናን በጥንግና በሩር የተጫወቱ አዛውንቶች «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውን መነሻ አድርገው፣ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ የተጋፉበትን ዘመን ሲያወጉ ወጣቱም ያዳምጣል። የበገና ድምፅም ከጾሙ ጋር ስለሚሄድ ለዚህ ሰዓት ተገቢ ነው። በላሊበላ ቤተ ማርያም የሚዜመው ቤዛ ኩሉ ግን የበዓሉ ጠዋት ሥርዓት ነው፤ በዋዜማው ወደዚያ የሚጓዙ ምእመናንን ማነጋገር ይበቃል፣ ዜማው ለነገ ይቆይ።

በውጭ ያሉ ወገኖች የሚደውሉበት ክፍለ ጊዜ ሰዓቱ በሚገባ መመረጥ አለበት። በአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን ቀትር ነው፤ በሪያድ ሰዓቱ ከእኛ ጋር እኩል ሲሆን በዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። በአረብ አገራት በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች በዚያን ጊዜ ስልክ ማንሳት ላይፈቀድላቸው ስለሚችል፣ የድምፅ መልእክት ቀደም ብለው እንዲልኩ ከሳምንቱ መጀመሪያ አንስቶ ማስታወቅ ይሻላል። መልእክቱ ሲተላለፍም የአሠሪና የአካባቢ ስም ተቆርጦ መውጣት አለበት።

ማታ የሃይማኖት አባቶችና የመንግሥት ባለሥልጣናት የበዓል መልእክት ይመጣል። ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ዜናውን ስለሚገድለው፣ ከኦርቶዶክስ፣ ከካቶሊክና ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መልእክቶች ዋና ዋናውን ሐሳብ በተመጣጠነ ጊዜ ማቅረብ ይሻላል። ከዜናው ጋር የከሰልና የጋዝ ምድጃ ጥንቃቄ፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ቁጥር 939 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይነገራሉ።

የስፖንሰር ጉዳይ አስቀድሞ መጥራት አለበት። የበዓል ፕሮግራሞችን ለዓመታት ይደግፉ የነበሩት የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ግን የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ስለከለከለ፣ የቆየ ቅጂ እንደገና የሚያሰማ ጣቢያ ውስጡ የተቀበረ የቢራ ማስታወቂያ እንዳይኖር ሙሉውን ማዳመጥ ይኖርበታል።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ንግግር ይቀንሳል። ቅዳሴን በቀጥታ ለማስተላለፍ የፈለገ ጣቢያ የደብሩን ፈቃድ በጽሑፍ መያዝና ማይክሮፎኑን ቀን ሳለ መትከል ይገባዋል፤ ይህ ካልተሳካም የተቀረጸ መዝሙር ያለ አቅራቢ ድምፅ መልቀቅ ይቻላል። እስከዚያ ድረስ አቅራቢው «በሰላም ያድርሰን» ሲል ቆይቶ፣ ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል። በዚያው ሌሊት ምድጃውና ምጣዱ በየቤቱ ስለሚበራ መብራት ሊቋረጥ ይችላል፤ ተረኛው ቴክኒሻን ጄኔሬተሩን በዋዜማው ጠዋት አስነስቶ መሞከር፣ ነዳጁንም ነዳጅ ማደያው ሳይጨናነቅ መሙላት አለበት።